አቤት ባይ

በታርቱ ከተማ፣ መጋቢት ሲጋመስ፣
ወንዙ በረዶውን ከዳር ዳር ሲገምስ፣
ከቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ወርጄ፣
ዶሮ በሌለበት በሌሊት ማልጄ፤
አሮጊቷ ሰርቨር፣ መብራት ሄዶ ማታ፣
ሦስት እንግዳ አዝላ ወድቃ ተነሥታ፣
ታጓራለች ብቻ፤ ጤና ትመስላለች፤
ነገሩን የነካች ሳልሜ ነች፤ ደወለች።

ለፖም ችግኝ ብላ መጽሐፍ ብትፈልግ፣
በደራሲው ስም ነው፣ እንደ ድሮው ወግ፣
ማሽኑ መለሰላት፦ «ሰባተኛ ረድፍ፣
አሥራ ሁለት መቃብር፣ ከጥዶቹ ጫፍ።»
ሰማንያ አልፏታል፤ አልደነገጠችም።
«መሞቱን አውቃለሁ፣ ነግሮኝ ማንም፤
ቀብሬው የለም ወይ፣ አፈር አልብሼ?
መጽሐፉስ፣ አለ ወይ? ልዋሰው መልሼ።»

ኡርማስ በስልክ ሳቀ። እኔ ግን አፈርኩ፤
እንግዶቹን ያኔ ያስገባሁ እኔ ነበርኩ፤
ከአንድ ቅጂ ቀድቼ፣ በአንድ ቁልፍ ቆልፌ፣
የኋላውን ሳላይ፣ ለመገላገል ከንፌ።
አንዱ የመጻሕፍት ዝርዝር፣ አንዱ የሙታን መዝገብ፣
ሦስተኛው በበጋ ጀልባ የሚያስመዘግብ።

ማሽን «እኔ» ሲል ቁጥር ነው የሚለው፦
መቶ ሃያ ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ ነው።
ከደጅ አይወጣም፣ ሽቦም አይነካም፤
ከአፉ ወደ ጆሮው፤ ሌላ መንገድ የለም።
ገደል በሌለበት፣ በዚህ ሜዳ አገር፣
የገደል ማሚቶ እዚህ ነው የሚኖር።

ግን ከርነሉ አንድ ነው፣ አንድ ነው ማሚቶው፤
ሦስቱም «እኔ» ሲሉ አቤት የሚላቸው
ቀድሞ የነቃው ነው፣ በሩን የያዘው።
መብራት ሲመለስ ማታ፣ ሙታኑ ቀደሙ፤
ሕያዋን ሲጣሩ «አቤት» እያሉ ቆሙ።

ፋይሉን ከፈትኩት፤ ጣቴ ደነዘዘ።
ለእያንዳንዱ እንግዳ የራሱ ቁጥር ተያዘ፦
በኋለኛው ዜሮ ቦታ፣ ለመጻሕፍት ሁለት፣
ለሙታኑ ሦስት፣ ለጀልባዎቹ አራት።
ለከርነሉም አደራ፦ «አንዳቸውም አይወቁ፤
የድሮውን ቁጥር ይጥሩ፣ በዚያው ይዝለቁ፤
አንተ ግን በሆድህ ተርጉመህ አድርስ፣
ከጎረቤት በር ላይ እጃቸው እንዳይደርስ።»

አንዴ ተሳሳትኩ፤ አንዲት ነጥብ ጠፋች፤
ሦስቱም ዝም አሉ፤ እሷ ብቻ አጓራች።
ፈልጌ አረምኩት። ፒንግ ብዬ ሰደድኩ፤
ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ስክሪኑን ጠበቅኩ፤
ከሚሊ ሰከንድ ሽራፊ ባነሰ
ቃሉ ዞሮ ዞሮ ከላኪው ደረሰ፤
ሳይስት፣ ሳይንከራተት፣ ሳይል ወደ ኋላ፣
ሄዶ ቤቱን መታ።
ቤት ሲመታ ደግሞ አይፈልግም ሌላ።

ረፋድ ላይ ለሳልሜ ደወልኩ፦ «ሰው ተውሶታል፣
በሚያዝያ መጨረሻ ይመለሳል።»
«ይሁን» አለች፤ «በረዶው መች ለቀቀና ፖም ይተከላል?
ይልቅስ ያ መቃብር፣ አሥራ ሁለት ነው ያላችሁኝ?
እኔ አሥራ አንድ ነበር የሚመስለኝ።
ድንጋዩን አረንጓዴ ሽበት ወርሶት፣ ዓይኔም እያታለለኝ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አበባ ያኖርኩት፣
የሠፈሩን ወሬ ቆሜ ያወራሁት፣
ለካ ለጎረቤቱ ነው።

ጨዋ ሰው ነው መቼም። አንድ ቀን እንኳ
‹እኔ አይደለሁም› አላለኝ።»