ይዋል ይደር

ኢዜር ወንዝ ከመስኮቴ ሥር ደፍርሶ ሞልቶ ይጋልባል፣
የመጨረሻው ትራም ባዶውን ወደ ማደሪያው ያዘግማል፤
ግሬኖብል መብራቷን አጥፍታለች፤ እኔ ግን ቁጭ ብያለሁ፣
ከራት ጀምሮ አንዲት ዓረፍተ ነገር እያመነዠክሁ አለሁ።

«ፋይሉ ኢቨንቹዋሊ ይሰረዛል» ይላል የእንግሊዝኛው ሰነድ፤
ሦስት ቃል። ሲያዩት ሜዳ፣ ሲገቡበት የገደል አፋፍ መንገድ።

ፈረንሳይኛ ቤት ደግሞ አለ አንድ ቃል፣
ኤቫንቱዌልማን የሚባል፣
አፍንጫው ያው፣ ግንባሩ ያው፣ በዚያኛው ስም ሲጠሩት አቤት የሚል፣
መልካቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል።
እንግሊዙ «ብዘገይም አልቀርም» ብሎ ይምላል፤
ፈረንሳዩ ትከሻውን ሰብቆ «እንጃ፣ ምናልባት» ይላል።

ከኔ በፊት የተረጎመው ሰው መልክ አይቶ አመነ፤
ምናልባቱ ታተመ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሕግ ሆነ።

ቮሮን ላይ፣ የውሃ መሥሪያ ቤት፣ ጋኤታን የሚባል ልጅ፣
የአሥራ አንድ ዓመት የጉድጓድ ልኬት፣ በየወሩ የተመዘገበ በእጅ፣
ጊዜያዊው ማኅደር ውስጥ አስቀመጠ፤
«ምናልባት» ይል የለ መመሪያው?
ቅጂውን ለሰኞ አሻግሮ ወደ ቤቱ ፈረጠጠ።
በዘጠነኛው ሌሊት ፕሮግራሙ ቃሉን ጠበቀ።
ቃሉን ያልጠበቅን እኛ ነበርን። ልኬቱ እንደ ጤዛ ደረቀ።

ማዳም ኦዲል፣ አራሚዬ፣ ቀይ እርሳሷ ጆሮዋ ላይ፦
«ድልድይ ሲሰበር» አለችኝ «ከሩቅ በዓይን ይታያል፤
የተሰበረ ትርጉም ግን ጤነኛ መስሎ ይጠብቃል።»

ባደግሁበት ቋንቋ ሁለት ሆድ ያለው ቃል ይወደሳል፣
ኅብሩን የፈታ ተማሪ ከመምህሩ ምርቃት ይቀበላል፤
እዚህ ግን
በሁለተኛው ሆድ የሰው ድካም ይበላል።

ሞከርኩ።
«አ ላ ፋን» ብል፣ ምጽአት የቀረበ መሰለ፤
«አ ቴርም» ብል፣ የባንክ ብድር ጠረን አለ፤
«አን ዡር» ብል፣
ተረት ተረት፣
የላም በረት።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መዝገበ ቃላቱን ዘጋሁ፣
ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው በገዛ ቋንቋዬ አወጋሁ፦
«ይዋል ይደር እንጂ መሰረዙስ አይቀርም።»
እና ዝም አልኩ።
አንዱ ቀኑን፣ አንዱ ሌሊቱን ይዞ ተደጋግፈው የቆሙ፣
መቼ እንደሆነ የማይነግሩ፣ መምጣቱን ግን የሚያትሙ።
ፈረንሳዮችም አላቸው እኮ! ቶ ኡ ታር። ማልዶ ወይ አምሽቶ።
እንግሊዝኛው በአማርኛ በር ገብቶ
ፈረንሳይኛ ሆኖ ወጣ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ።

ጠዋት የኦዲል መልስ መጣ፦ «ሸጋ ነው፣ ትርሲት።
መስመር ሰማንያ ላይ ግን ረስተሻል ነጠላ ሰረዝ አንዲት።»

ለጋኤታን አልደረሰም።

ቀጣዩ መስመር «ሹድ» ይላል።
ይገባል ነው? ይመረጣል? ወይስ ግድ ይላል?
ሻይ ጣድኩ።