ባለቤት እና ተሳቢ

ሐሙስ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ጎተንበርግ ሲጨልም፣
(ኅዳር ነው፤ እዚህ አገር ፀሐይ ለእራት አትቆይም)
ከሙዚቃው ክፍል ጎን፣ በተዋስኳት ጠባብ ቤት፣
አራት ልጆች ሰብስቤ አማርኛ አስቆጥራለሁ፣ ፊደል በፊደል፣ ቤት በቤት።

የዛሬው ቀላል ነበር፤
«ቤት» ላይ ቅጥያ መጨመር።
ቤቴ፣ ቤትህ፣ ቤትሽ፣ ቤቱ፣ ቤቷ፣
ቤታችን፣ ቤታችሁ፣ ቤታቸው፤
በስምንቱ ስምንት ዓረፍተ ነገር ሥሩ ብዬ ወረቀት አደልኳቸው።

ኢዮስያስ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እርሳስ ይነክሳል።
ሰባቱን በአንድ ትንፋሽ ጽፎ፣ ቀና ብሎ መስኮት ያያል።
«ቤታችን» የምትገባበትን ባዶ መስመር ፈራት፤
ሐይቅ ላይ እንደሳሳ በረዶ፣ በዳር በዳር ዞሮ አለፋት።

«ረሳኸው እንዴ?» አልኩት።
«አልረሳሁም» አለ። «ግን ቲቸር፣
እዚህ ላይ ‹እኛ› ማን ማን ነን?»

ሻንጣው ባለ ጎማ ነው፤ ሰማያዊ፤ ሐሙስ ማታ ይሸከፋል።
አርብ ተራ መቀየሪያ ነው፤ ወንዙን በትራም ያልፋል።
አንድ ሳምንት ሂሲንገን፣ ከድልድዩ ማዶ፣ አባቱ ጋ፤
አንድ ሳምንት አንጌረድ፣ ዳገቱ ላይ፣ እናቱ ጋ።
ሁለት የጥርስ ብሩሽ አለው፣ ሁለት ትራስ፣ ሁለት የበረዶ ጫማ፤
ሁለት ዓይነት ዝምታም አለው፤ እሱን ግን ማንም አልገዛለት፣ ማንም አልሰማ።

አይጣሉም እኮ፤ ደህና ሰዎች ናቸው።
ቃላቸውን በልጅ ጀርባ መጫን ብቻ ነው ጥፋታቸው።
«ጃኬቱን መልሺ በላት።» «የራሱን ይግዛ በለው።»
እሱ ድልድዩ ላይ ግሱን አውጥቶ፣ አሽቶ አለስልሶ ነው የሚያደርሰው።
«መልሺ» «ብትመልሺለት» ትሆናለች፤
«ይግዛ» «ቢገዛ ደስ ይለኛል» ብላ ትገባለች።
እኔ ሞኙ፣ በሰዋስው ጎበዝ ነው እያልኩ አወድሰው ነበር።

አርብ ጠዋት ሆዱን ያመዋል።
የትምህርት ቤቱ ነርስ ዳበሰችው፤ ለካች፣ ጠየቀች፤
«ምንም የለበትም» ብላ ጻፈች።
ምን ታድርግ? በእሷ ቋንቋ ሆድ ምግብ ብቻ ነው የሚያድርበት፤
እኛ ጋ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ነው ነገር የሚታመቅበት።

መጽሐፉ እንዲህ ይላል፦ ድርጊቱን የፈጸመው «ባለቤት»፣
የተፈጸመበት «ተሳቢ»።
በአማርኛ ሚስትም ባለቤት ናት፣ ባልም ባለቤት።
ይህን ለልጆች ሳስረዳ ስንት ዓመቴ! ዛሬ ገና፣
በሩ ሥር የቆመ ሻንጣ እያየሁ ገባኝ፦
ባለቤቶቹ ሲለያዩ
ተሳቢው ይሳባል።

ሰዓቱ አለቀ። ሌሎቹ እየተጋፉ ወጡ።
እሱ ቀርቶ መስመሯን ሞላ፤ በእርሳስ፣ በስሱ፣
ነገ ለመሰረዝ እንዲመች፦
«ቤታችን ድልድዩ ላይ ነው።»

ቅጥያው ልክ ነው። ማሰሪያ አንቀጹም ልክ ነው።
አራት ነጥቡን እንኳ አልረሳም።
ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ብዙ ቆየሁ፤
ከዚያ «ትክክል» ብዬ ጻፍኩበት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ከበሩ ተመለሰ፣ ኮቱን እየቆለፈ፦
«ቲቸር፣ ይሄን አንተ ጋ አስቀምጥልኝ።
ለእማዬም ለአባዬም እንዳታሳይ።
ያዝናሉ።»