ማታ ቆሞ፣ ጠዋት ተንበርክኮ

ማታ እንደ ጌታ ቆሞ፣ ጠዋት ተንበርክኮ፤
ኑግዛር ደወለልኝ ጎህ ሳይቀድ፣ ታውኮ።
«ዛሬም ወርዶ አደረ፣ የፊት እግሩ፣ ግራ፤
መጥተህ እየውማ፣ ልቤ እንዲያው ፈራ።»

ኩታይሲ ዝናብ ነው፣ ሪዮኒ ወንዝ ሞልቶ፤
ሄድኩኝ መፍቻ ይዤ፣ ቁርሴ ሳይበላ ቀርቶ።
ስምንት ሲሊንደር፣ ሞተሩ ጤነኛ፤
ሆዱ ግን ጭቃ ላይ እንደ በሬ ተኛ።
የአየር ከረጢቱ ሌሊት ይተነፍሳል፤
ፀጉር በማያልፍበት ቀጭን ስንጥቅ፣ ሺህ ላሪ ይፈሳል።

ሲገዛው ርካሽ ነበር። ነገሩም እዚያው ነው።
አዲሱን የነዳው የፍራንክፈርት ሐኪም፣ ጣጣውን አሽትቶ ቀድሞ ነው የሸሸው።
ሰባት ዓመት ሞላው፣ ዋስትናው አለቀ፤
ዋጋው እንደ በጋ ጅረት ቀስ በቀስ ደረቀ፤
ደረቀና ወርዶ ኑግዛር እጅ ገባ፣
አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጥርስ የገነባ።
ቫኒ ያለውን ወይን፣ ያባቱን ማሳ ሸጦ፣
ከዚያ ወንበር ገባ፣ ቁልፍ ሳይሆን ክብር ጨብጦ።
መኪናው ያረጃል፤ የመኪናው ዕቃ ግን አያረጅም ዋጋው፤
ይህን ማን ይንገረው፣ ገና በሩን ከፍቶ የቆዳው ሽታ ሲያባባው?
በሩም ሲዘጋማ፣ ዱብ! ይላል በለዘብታ፤
ዕዳው ኋላ መጣ እንጂ፣ ዱቡ ብቻ ነበር ያን ማታ።

ኮምፕረሰር፦ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ላሪ።
የካምቢዮው ኮምፒውተር፦ ከላይፕዚግ መጪ፣ በአውሮፕላን በራሪ።
የኋላ መብራት፦ አንዲት (አምፖሏ አትቀየርም፣ ሙሉ ቤቷ እንጂ)፣
የአውቶቡስ ሾፌር የወር ደመወዝ ፈጂ።
ዘይትማ ተወው፣ እንደ ሰርግ እንግዳ ቢቀዳለት አይረካ፤
ቢጫዋ መብራትም፣ አጥፍቻት ስሰናበት፣
በነጋታው በርታ ትጠብቀኛለች ለካ።

እውነቱን ልናገር፤ አንድ ክረምት ሙሉ
የልጄን ትምህርት ቤት የከፈለው እሱ ነው፤ ያ ስንጥቅ፣ ያ ፓምፕ፣ ያ ቃጠሎ ሁሉ።
«ሽጠው» ብዬው ነበር። አንዴ። ድምፄን ቀንሼ፤
ወዲያው ቆጠርኩኝ የሰጠኝን ላሪ፣ አውራ ጣቴን አርሼ።

በጥር፣ ፅዩሪ መጣች፣ ሚስቱ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ፤
ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው፦
የኔው የእጅ ጽሑፍ፣ ዘይት የጠጣ፣ ደብዛዛ።
«ደረሰኝ» አለችኝ። ወረቀቱን ይሁን፣ ያገኛትን ነገር፣
አልጠየቅኋትም፤ አይኔ ወለሉ ላይ ብሎን ሲፈልግ ነበር።
«ደምሬው አደርኩኝ። ይህን መኪና እኛ ሁለቴ ገዝተነዋል፤
አንዱ ውጭ ቆሟል። ሌላው የታል?»
ዝም አልኩ። ሌላው እኔ ቤት ላይ፣ ጣራ ሆኖ ውሏል።

ከዚያ ወዲያ ቆመ። ከበለሱ ዛፍ ሥር፣ ሆዱን ምድር አስነክቶ።
ገዢ መጣ አንድ ቀን፤ ጎማውን ረገጠ፣ ሄደ፣ የጥገናውን ታሪክ ሰምቶ።
አንድ ነገር ብቻ፣ ከዚያ ሁሉ ጣጣ፣
ሳይበላሽ ቀረለት፦ ሙቀት፣ ከመቀመጫው ሥር የሚወጣ።

በየካቲት ማታ፣ ሰፈሩን መብራት ነስቶት፣
ቤቱን ሁሉ ብርድ ገብቶት፣
ሳልፍ አየኋቸው። ሁለቱም ከፊት፣ ቀበቶ አስረው፣
ፊታቸውን ወደ አጥሩ፣ ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው።
እሷ መንደሪን ትልጣለች፤ እሱ መሪውን ጨብጧል፤
ከመኪናው ሁሉ ዝናብ ጠራጊው ብቻ ይሮጣል።

መስኮቱን ዝቅ አርጎ፣ «ወዴት እናድርስህ?» አለኝ።
ከኋላ ገባሁኝ። በሩ ዱብ! አለና፣ ዓለም ጸጥ አለልኝ።
እጇን በወንበሮቹ መሃል ሰዳ፣ መንደሪን አቀበለችኝ።
ጀርባዬ ሞቀ። ማንም ስለ ዋጋ አላነሳ፤
ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሄድን፣
በለሷን ሳናልፍ፣ ሞተር ሳናስነሳ።

በማግስቱ ማለዳ ባትሪውን ሞልቼ መለስኩ፤
ደረሰኙን ሲሉኝ፣
«ደብተሩ ጠፍቶብኛል» አልኩ።