የኳሷ ዱካ

ሴገድ ላይ፣ ከድልድዩ ሥር፣ ምድር ቤት ሱቅ አለኝ፤
ራኬቱ የላላበት ሁሉ ደረጃ ወርዶ የሚያገኘኝ።
ጅማቱን ስቤ፣ ወጥሬ፣ በመዳፌ እመታዋለሁ፤
ድምፁን ሰምቼ ብቻ ኪሎውን እናገራለሁ።

ትናንት አንድ ልጅ መጣ፣ ጥርሱን በሽቦ ያሰረ፤
ከግድግዳው ፎቶ ፊት ለረጅም ጊዜ ተገተረ።
«ዝነኛ ነበርሽ?» አለኝ።
«ለአንድ ሳምንት» አልኩት።
እውነቴን ነው። ዘጠና አራተኛ ሆኜ ሰኞ ተነሣሁ፤
በቀጣዩ ሰኞ መቶ ሁለተኛ ሆኜ ተኛሁ።

እናቴ በርበሬ ስትፈጭ ውላ፣ እኔ በሸክላ ሜዳ፣
ማታ ደጅ ላይ እንራገፍ ነበር፣ ሁለት ቀይ እንግዳ።
የእሷን ሽርጥ የኔን ካልሲ ባንድ ገንዳ ስንዘፈዝፍ፣
«ማንን ገድለን ነው?» ትላለች፣ ውኃው ቀልቶ ሲጎርፍ።

ከዚያ ዐሥራ ሁለት ዓመት፤ በአውቶቡስ፣ በባቡር፣
ከፖላንድ እስከ ቱኒዚያ፣ ስንት ኬላ፣ ስንት ድንበር።
ከተማስ ምን አየሁ? የሆቴል መታጠቢያ፣
ካልሲ የማሰጣበት የመጋረጃ መስቀያ፤
እሑድ ካሸነፍኩ የሚከፈል የክፍል ኪራይ፣
ረቡዕ ከተሸነፍኩ የጣቢያ ወንበርና ሰማይ።
ስሜን፣ ኢልዲኮ ቫርኮኒን፣ አስተካክሎ የጻፈ ሰሌዳ የለም፤
ግድ የለም፤ እሱም ቢሆን እስከ እሑድ አይቆይም።

አሁን ፓሪስን ልንገር።
ዐሥራ አራተኛው ሜዳ፣ ሁለተኛው ዙር፣ ከሰዓት፤
አምስት ለአራት እየመራሁ፣ የቀረችኝ አንዲት ነጥብ ናት።
ተጋጣሚዬ ፖርቱጋላዊት፣ ግራኝ፣ ጉልበቷን አስራለች፤
የመታቻት ኳስ ረዘመች፣ ከእግሬ ኋላ አረፈች።
«ወጣች!» አለ የመስመሩ ዳኛ፤ ሕዝቡ ካለበት ተነሣ፤
አሠልጣኜ ባርናባሽ ኮፍያውን ወረወረ፣ ዕድሜውን እንደረሳ።

እኔ ግን ጎንበስ ብዬ አየሁ።
ሸክላ ሜዳ ምስክር ነው፤ የነካውን አይደብቅም፤
ዱካዋ፣ እንቁላል መሳይ፣ ከጥፍር ጫፍ ባይበልጥም፣
ነጩን መስመር ነክታዋለች።
ዳኛው ከወንበሩ ሳይወርድ
በጫማዬ ጠረግኳት።
በእኛ ጨዋታ ወግ ይህ መሐላ ነው፤ ዱካውን በእግሩ ያጠፋ
«ውስጥ ናት» ብሎ ፈረደ፤ ነጥቡን ሰጠ፤ ራሱን ገፋ።

ቀሪውን ላሳጥረው፤ ሰባት ለአምስት ተሸነፍኩ።
ባርናባሽ በባቡሩ ውስጥ እስከ ቪየና ዝም አለ፤
ቪየና ላይ «ሻይ ትጠጫለሽ?» አለ፤ ሌላ ቃል አልታከለ።
ልክ ነበርኩ ልል አይደለም። ስንት ሌሊት ረግሜያለሁ ያንን ጫማ!
በዚያች ነጥብ ገንዘብ የእጄ አንጓ ይታከም ነበር፣ ሳይቀር እንዲህ ጠማማ።

እኔ ጡረታ አልወጣሁም፤ የወጣው ስሜ ነው።
በየሰኞው ወረደ፣ ሦስት መቶ፣ ሰባት መቶ፣
አንድ ሰኞ ብፈልገው ከዝርዝሩ የለም፣ ጠፍቶ።
የመጨረሻው ግጥሚያዬ ስሎቫኪያ ነበር፣ በካፊያ፤
ከዐሥራ አንዱ ተመልካች ዘጠኙ የመጡት ለመጠለያ።

ለልጁ ራኬቱን ሰጠሁት። ይህን ሁሉ አልነገርኩትም።
«ሃያ አራት ኪሎ ነው» አልኩት፣ «ለሁለት ወር አይላላም።»

ማታ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰማንያ ሦስት ሞልቷታል፤
ጆሮዋ ደክሟል፤ አፍንጫዋ ግን የበርበሬውን መንደር ይነግራታል።
የዓሣ ሾርባ እያማሰለች፣ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ፣
ሃያ ስድስት ዓመት የምትለውን አለች፣ ማንኪያዋን አንሥታ፦
«ኳሷ ወጥታ ነበር።»

ፓሪስ አልሄደችም እኮ። ያን ቀን ወፍጮ ቤት ነበረች፤
በስልክ ነው የሰማችው፤ በስልኩ ሽቦ አየች።
ድሮ እከራከር ነበር። ዱካውን፣ ጠርዙን፣ መስመሩን
ጠረጴዛው ላይ በጨው ሥዬ አሳያት ነበር ነገሩን።
ትናንት ግን ሾርባው ይተናል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤
ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ቀስ እያለ ይጋጫል።

«አዎ እማ» አልኳት፣
«ወጥታ ነበር።»