ልምምድ በበረዶ ቤት

ጥር በኢሳፍዮርዱር ንጋት የለው፣ ጨልሟል፤
የዓሣው ፋብሪካ ግን መብራቱ ነቅቷል።
አለቃዪቱ ሲግሩን በረዶ ቤት ገባች፣
ከዓሣው ሣጥን ፊት ጓንቷን ጥላ ቆመች።

«ጥገናው ይቆይ ብዬ የፈረምኩ እኔ፣
ባርቴክ ምን አጠፋ? ጥፋቱ ነው የኔ።»
ድምጿ ተሰበረ። ጉሮሮዋን ጠርጋ
ደገመችው ቃሉን፣ ቀለል ያለ ፈልጋ።
ከቶ አይቆጣ ዓሣ፣ አይስቅ፣ አይምር፤
ለጀማሪ ደፋር ደግ መምህር ነበር።

«ማነው ጥፋተኛ?» ሲል ባለቤቱ መጥቶ
ዓይን ሁሉ ዞረ ባርቴክ ላይ ተጎትቶ፤
እጁ በፋሻ ነው፣ አሞንያ ልጦት፣
አገሩም አይደለ፣ አፍ የለው ለሙግት።

ሲግሩን ተነሣች። ያ ሁሉ ልምምድ
ጠፋ ከአፏ ላይ፣ ጉልበቷ ሲርድ።
«እኔ...» አለች ብቻ፤ ቃሉም የሰለለ።
ያጨበጨበ የለ። ባርቴክ ግን ቀና አለ።

ባዶ እጇን አየችው፤ ጓንቷ፣ ትዝ ሲላት፣
እዚያው ከዓሣው ጋር ነው፣ ከመምህሮቿ ፊት።