የውዴ በር

ቡሬ፣ ከወፍጮው በታች፣ አምና ነፋስ የጣለውን፣
ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ይዞ የማያቅፈውን፣
የውዴን ዋንዛ ግንድ፣ መጋዝ አስነካሁት፤
ውስጡ ማር ቢመስለኝ፣ በምላሴ ላስኩት።
መራራ ነው እንጂ!

በቁሙ ሳለማ፣ ፍሬው ሲረግፍ ቢጫ፣
የልጆቹ ከንፈር፣ ሁሉም ሙጫ በሙጫ፤
ነጭ አበባው ላይ፣ ንብ ሲተም ይውላል፣
ጥላው ሥር ሽማግሌ፣ ወሰን ያካልላል።

ወደቀ፤ ተቀራመቱት።
መሪጌታ ልየው፣ ከበሮ ወሰዱ፣
ሁለት ሙቀጫዎች፣ ሽንዲ ድረስ ሄዱ፣
አንዱ ቀፎ ሆነ፤ ከደረቀው ሳንቃ፣
በር ሠራሁ ለውዴ፣ ጥርቅም የሚል፤ በቃ።

ሰኔ ገባ። ልጅ ላከች፦
«በሩ አልዘጋም አለ፤ መላጊያህን ያዝና
ጎኑን ፋቅ አድርገው፤ ጅብ ይገባል፣ ቶሎ ና።»

ሄጄ ዳበስኩት፤ እርጥብ ነው፣ አብጧል፣
ደመና ሲያጉረመርም፣ «ሥር አለኝ» ብሏል።
«አልነካውም» አልኳት፣ «የዛፍ አመሉ ነው፤
ዝናብ ሲሸተው ያድጋል፣ እስከ መስቀል ታገሽው።»

ተሳደበች ውዴ። ድንጋይ አስደገፈች፣
ጣት በምታሾልክ ክፍተት፣ ክረምቱን ከረመች።
ነፋስ ገባ፣ ጉንዳን፣ የጎረቤቷ ሳል፣
የጨረቃም ክሩ፣ ወለሉን ይከፍላል።

መስቀል አልፎ ብመጣ፣ በሩ ጥርቅም ብሏል፤
ውዴ ምስር ትለቅማለች። «ገጠመ?» «ገጥሟል።»
ዝም አለች። ቆይታ፣ እጇን ጠረገችና፦
«ሌሊቱ ረዘመ፤
ሳሉ ቀረብኝ እኮ፤ መላጊያህን ያዝና
ጎኑን ፋቅ አድርገው።»