ሃያ አምስት ደቂቃ

ጣርማ በርን አልፎ፣ ጉሙን ከላይ ትቶ፣
ደብረ ሲና ቆመ አውቶቡሱ፣ አቃስቶ።
«ሃያ አምስት ደቂቃ! የዘገየ ይቀራል!»
ረዳቱ ይጮሃል፤ የራበው ይወርዳል።

ወንበሩ ተንኳኳ፣ ቤቱ ተጨናንቆ፤
ስልሳ ሆድ ተቀምጦ፣ ሁለት እግር ጠብቆ።
ከጎኔ ያለው ሰው፣ ቆዳ ጃኬት ለባሽ፣
አጨበጨበላት፦ «አንቺ! ደንቆሮ ነሽ?»

መጣች፣ እስክሪብቶዋን ሻሿ ውስጥ ሰክታ፣
ከማለዳ ጀምሮ ሦስት አውቶቡስ አብልታ።
«ምን ልታዘዝ?» አለች።
«ካንቺ ሌላ ምን አለ?»
ሳቅን። እሷም ሳቀች፤
ሳቅ ካሉት የሷን ሳቅ፣ ጥርስ ብቻ ገልጣ፣
በሩ እንደተከፈተ ሱቅ፣ ባለቤቱ እንደወጣ።

«ጥብስ፣ ሽሮ፣ ቅቅል፣ በያይነት፣ ፍርፍር…»
ባንድ ትንፋሽ ቆጠረች፣ ሳታስቀር፣ ሳትጨምር።
«በጉ የመንዝ ነው? ምስክር አምጪ!» አለ።
ይቺስ ቀልድ ናት ብለን፣ ሳቃችን ቀጠለ።
ቅቅሉ ሲመጣ፣ «በረዶ ነው» ብሎ መለሰ፤
አሙቃ ስታመጣ፣ «ላጥሽኝ!» ብሎ ወቀሰ።
እኛ እንጀራ ቆርሰን፣ እያየን ጎረስን፤
ቀልዱ የቱ ጋ እንዳለቀ፣ አንዳችን ልብ አላልን።

ሂሳብ ደረሰና፣ መልሱን ስትሰጠው፣
አስር ብር መዘዘ፣ እግሯ ሥር ጣለው፦
«ጉርሻሽን አንሺ፤ ጎንበስ በይ፣ እንይሽ።»

ማንኪያ እንኳ ዝም አለ።
ብሩን አላየችም፤ እሱን አየችው።
ትሪዋን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።
«ወንድሜ፣» አለች፣ ድምጿ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣
«ወለል የምጠርገው ማታ ነው።
ያኔ ከአጥንቱ ጋር አብሮ ይጠረጋል።»

ከወጥ ቤቱ መስኮት አንዲት ሴት ተጣራች፦ «እቴነሽ!»
ስሟን ያን ጊዜ ሰማሁ።
በልቤ ነጣጥዬ አነበብኩት፦ እቴ፣ ነሽ።
አፌ ምሳ ሞልቶት፣ እኔስ መቼ አልኩሽ?

ጥሩምባው ጮኸ። ወጣን። ያ ሰውዬም ወጣ፣
ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ምንም እንዳልመጣ።
አስር ብሯ ቀረች፣ ጫማ እየረገጣት፤
ማንም አላነሳት።

አርማንያን ወርደን፣ ወደ ሮቢት ስንጠጋ፣
ሙቀቱ ገባ በመስኮት፣ ጉሙ ቀረ እዚያው ደጋ።
እሱ ጃኬቱን ጣለ፤ እኔም ሹራቤን አወለቅሁ፤
ያቺን የመጀመሪያ ሳቄን ግን፣
በየት በኩል እንደምትወልቅ፣
ቁልፏን ፈልጌ አጣሁ።